የሚገባ፣ ግን የማይዞር ቁልፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በበጋው ማብቂያ ላይ ነው። ማንም አልሞተም፤ ከቤታችን የጠፋ ዕቃም የለም። ሆኖም በሕይወቴ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩበትን ቀን ቁጠር ብባል የምጀምረው ከዚያ ነው።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት አለ። በአንዱ እናቴ፣ እህቴ ሰላምና እኔ እንኖራለን። በሌላው ጋሽ ሻንካና ባለቤታቸው እትዬ አማረች አሉ። ከጨንቻ የመጡ ሸማኔ ናቸው። እሳቸው ይሸምናሉ፣ እትዬ አማረች ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ በዚህ ጉዳይ እናቴና እትዬ አማረች ሲቀላለዱ ነው የኖሩት።

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንዳንዴ ስኳሯ በድንገት ይወርዳል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ነገር ይምታታባታል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻዋን ሳለች ወርዶባት ያውቃል። ሁለቱንም ጊዜ በራችንን ከፍተው ገብተው ስኳር በጥብጠው ያጠጧት እትዬ አማረች ናቸው። የቤታችን ቁልፍ በመቀነታቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚውለው።

አንድ ቀን ሰላም አዲሱ ገበያ ታክሲ ስትጠብቅ ቦርሳዋን ነጠቋት። በቦርሳው ውስጥ የቤታችን ቁልፍ ነበር። ከቁልፉ ጋር የእናቴ የሕክምና ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ሙሉ ስሟ፣ ሰፈራችንና የቤት ቁጥራችን ተጽፏል። የማናውቀው ሰው ቁልፋችንንም አድራሻችንንም ያዘ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው አዲስ ቁልፍ ግጠሙ አለን። ነገር ግን በራችን የብረት ነው፤ የሠራው ሰው ለዚያ ቁልፍ ብቻ በልኩ ቆርጦ የበየደው። ሌላ ለማስገባት ብረቱ እንደገና መቆረጥ አለበት። የነበረው ደግሞ ምንም እንከን የለበትም። ያስቸገረው የጠፋው ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ መንገድ አውቃለሁ።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። በቀን አዲሱ ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ማታ ከቁራሌው የገዛኋቸውን አሮጌ ሲሊንደሮች እየፈታሁ እገጥማለሁ። ሲሊንደር የምለው ቁልፉ የሚገባበትን የነሐስ ክፍል ነው። በውስጡ አምስት ትናንሽ ፒኖች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይወፍር ሽቦ የተጠመዘዘበት ሞላ ተጭኗል። የቁልፉ ጥርሶች ፒኖቹን በትክክለኛው ከፍታ ሲያነሷቸው ሲሊንደሩ ይዞራል። በግማሽ ሚሊሜትር ከተሳሳቱ አይዞርም። ስለዚህ ፒኖቹን አውጥቶ በሌላ ርዝመት መተካት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አዲስ የተቀረጸው ቁልፍ ብቻ ነው የሚያዞረው። ከውጭ ሲታይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ያው በር፣ ያው ቀዳዳ ነው። የድሮው ቁልፍ እንኳን እስከ መጨረሻው ይገባል። የማይሆነው መዞሩ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ሠራሁት። አንድም ሞላ አልጠፋብኝም። አዲስ ቁልፍ አራት አስቀረጽኩ። ሦስቱ ኮሽ ሳይሉ ዞሩ። አራተኛው ግን ሲገባ ትንሽ ሻከረኝ። ያ የእትዬ አማረች ቁልፍ ነበር።

እናቴ ያን ቀን ጠየቀችኝ። «የአማረችስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል፤ ሞርጄ እሰጣቸዋለሁ።»

«እስከዚያ የድሮው እንደማይሠራ ንገራታ።»

«እሺ» አልኩ።

አልነገርኳቸውም። ቁልፉንም መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ምክንያቱ የቁልፉ መሻከር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቦርሳው የተነጠቀ ሰሞን የቤታችን ቁልፍ ማን ማን ጋ እንዳለ ቆጥሬ ነበር። ስምንት ሆነ። አንዱ አጎቴ ጋ፣ አንዱ የእናቴ የጸሎት ቡድን አስተባባሪ ጋ፣ አንዱ ከዓመታት በፊት ተከራይታን ከነበረች ልጅ ጋ፤ የቀሩትንም እንዲሁ። እኔ ነገር በልኩ ሲሆን ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። አሁን ሦስት ሰው፣ ሦስት ቁልፍ ሆነ። አራተኛውን ስጨምር ያ ጥራት የሚበላሽ መሰለኝ። «ቁልፉን ቀይረነዋል» ብሎ መናገርም «አላመንኳችሁም» እንደ ማለት ሆነብኝ። በሩ ደግሞ አዲስ አይመስልም፤ ማንም አይጠይቀኝም። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። እትዬ አማረች ነበሩ።

«እዮብ፣ የእናትህ ስኳር ወርዷል መሰለኝ። ደውላ ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገቢው ትለኛለች። ፀሐዩ እንዲህ እያቃጠለ።»

«ገብተዋል ቤት?»

«በሩ ላይ ነኝ። ቁልፉ ገብቷል፣ አልዞር አለኝ እንጂ። እጄ ነው ልጄ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

በዚያች ቅጽበት መናገር የነበረብኝ ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ቁልፉ ተቀይሯል፣ ይተዉት። እኔ ግን «መጣሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሰላም የምትሠራው ቃሊቲ ነው፤ እሷ እስክትደርስ መጠበቅ አይቻልም። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ኮንትራት ያዝኩ። መኪናው ከቆመበት ወጥቶ መንገድ እስኪይዝ ድረስ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠውን ስልክ አያለሁ። አራት ደቂቃ ያህል ሲያልፍ መልሼ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት በሩን ሳይለቁ ነው፤ ቁልፉ ከሲሊንደሩ ጋር ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ፒኖቹ አልነሳ ሲሉ የሚሰማ ድምፅ ነው።

«ቁልፉን ይተዉት እትዬ አማረች። በመስኮት ይሞክሩ።»

«እንዴት ልተወው? ሁለት ጊዜ በዚሁ ከፍቼ የለ?»

«ይተዉት በቃ። ጋሽ ሻንካን ይጥሯቸው። መስኮቱ ክፍት ነው።»

ለምን እንደሆነ አሁንም አልነገርኳቸውም።

እኔ እስክደርስ የሆነውን ጋሽ ሻንካ ናቸው ኋላ የነገሩኝ። ባለቤታቸው ቁልፉን እያወጡ በቀሚሳቸው ጠርገውታል፤ ቀዳዳውን እፍ ብለውበታል፤ ገልብጠው ሊያስገቡ ሞክረዋል፤ ዘይት ሁሉ ቀብተውታል። ጋሽ ሻንካ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው በመስኮቱ ሲያዩ እናቴ በወዲያኛው ግድግዳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ተከፍቷል። ፊቷ በላብ ርሷል፤ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«ዘነቡ፣ ተነሺና በሩን ክፈቺ» አሏት እትዬ አማረች።

«ክፍት ነው እኮ» አለች እናቴ፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።

በሩ ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፍ ነው። ከውስጥ እጀታውን ሳብ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። መስኮቱ ደግሞ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከእጅ የሚወፍር ነገር አያሳልፍም። ከፍርግርጉ እስከ ሶፋው ሦስት ሜትር ይሆናል።

ጋሽ ሻንካ ድር የሚዘረጉበትን ረጅም ቀርከሃ ይዘው መጡ። እትዬ አማረች በትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ስኳር በጥብጠው መጡ። ጋሽ ሻንካ ፕላስቲኩን በቀርከሃው ጫፍ በክር ጠፈሩት፤ ክርን እንዳይላላ አድርጎ ማሰር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ክዳኑን ከፍተው በፍርግርጉ መሃል ቀስ አድርገው አሾለኩት።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ያየሁት ይህንን ነበር። ጋሽ ሻንካ ቀርከሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እትዬ አማረች ፊታቸውን ከብረቱ ጋር አጣብቀው ትእዛዝ ይሰጣሉ።

«ያዥ ዘነቡ። በሁለት እጅሽ። እንደሱ። ማርያም ናት የላከችልሽ አልልሽም፤ ብቻ ጠጪ።»

እናቴ ፕላስቲኩን ጨብጣ ትጠጣለች። ጫፉ ላይ እንደታሰረ ስለሆነ፣ ባነሳችው ቁጥር ቀርከሃውም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ስኳር በዝቶበታል» አለች።

«ነፍስሽ ሲመለስ ታማርጫለሽ። ጠጪ» አሏት።

ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ኮሽ ሳይል ዞረ። ገብቼ እናቴን ደገፍኳት፤ የቀረውን አጠጣኋት፤ በቤት ባለው መለኪያ ለካኋት። ስኳሯ መውጣት ጀምሯል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳቦ በላች፤ ልብስ አስገቢ ብላ መደወሏን ስንነግራት አላመነችንም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የመድኃኒቷን መጠን አስተካከሉላት።

እኔን የያዘኝ ነገር በሩን የከፈትኩበት ቅጽበት ነው። እትዬ አማረች አጠገቤ ቆመው ነበር። ቁልፌ ሲዞር አዩ።

«አየህ፣ ላንተ ዞረ» አሉ። ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት።

አሁንም ዝም አልኩ። ወደ እናቴ ፈጥኜ መግባት ስለነበረብኝ ነው ብል ትንሽ እውነት ነው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም።

እትዬ አማረች ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ዓርብ ቀን አላየኋቸውም። ቅዳሜም ደጃፉ ባዶ ነበር። ጋሽ ሻንካን «እትዬ አማረች አሟቸው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እጄ ከዳኝ ትላለች» አሉ። «እናቷም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። መጀመሪያ አንድ ነገር እምቢ አላቸው፣ ኋላ ሲኒ መያዝ አቃታቸው። ከሐሙስ ጀምሮ እንዝርት አልነካችም። ማክሰኞ እንጦጦ ማርያም ጸበል እሄዳለሁ ብላ ተስላለች።»

ወደ ቤት ስመለስ የእናቴ የጸሎት ቡድን ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። እናቴ ቁልፉን የሰጠኋቸው መስሏት ነው የቆየችው። በዚያ ቀን እጃቸው እምቢ እንዳላቸው ስትሰማ እሷም አምናለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከመኝታ ቤት ሆኜ ሰማኋት። ስምንት ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ለእትዬ አማረች እጅ ይጸልያሉ። እናቴ ድምፅዋ እየተቆራረጠ «ሁለት ጊዜ ሕይወቴን ያተረፈ እጅ ነው ጌታ ሆይ» ትላለች።

ያ ጸሎት ሲያልቅ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሞረዱን አወጣሁ። የሻከረው ሦስተኛው ጥርስ ላይ የቀረች ትንሽ የብረት ፍንጣሪ ነበረች። አስተካክዬ፣ በሩ ላይ ሞክሬ እስክጨርስ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለት ሳምንት ያቆየሁት ሥራ ይህ ነው።

እትዬ አማረች ከቤታቸው ውስጥ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀኝ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለውታል። ጋሽ ሻንካ በዚያው ክፍል ጥግ ይሸምናሉ።

«እትዬ አማረች፣ እጅዎ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ሐኪምም ሆንክ?»

«ቁልፉን ቀይሬው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት። የእርስዎን ቁልፍ ማንም ቢሞክረው አይዞርም። እኔም ብሞክረው አይዞርም።»

«በሩ ያው በር ነው እኮ።»

«ከውጭ ያው ነው። የቀየርኩት ውስጡን ነው።»

አዲሱን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ከመቀነታቸው የድሮውን ፈትተው ሁለቱን ደራረቡና ወደ ብርሃኑ አቀረቧቸው። ጥርሶቹ አይገጥሙም።

«አራተኛው ቁልፍ ትንሽ ሻክሮ ስለነበር...» ብዬ ጀመርኩ። ይህን ሰበብ ከቤት ሳልወጣ አዘጋጅቼው ነበር። ግን አፌ ውስጥ ሳለ ቀለለብኝ። «እሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ሦስታችን ብቻ እንድንይዘው ፈልጌ ነው። ልነግርዎት አፈርኩ። ሐሙስ ዕለትም በስልክ መናገር እየቻልኩ አልነገርኩዎትም።»

የጋሽ ሻንካ ሽመና ቆመ።

እትዬ አማረች ነጠላውን ከእጃቸው ላይ ፈቱት። ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ ጨበጡ፣ እንደገና ዘረጉ።

«እና እጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ከገዛ እጄ ጋር ተጣልቼ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ሳቅ አፈናቸው። «ሻንካ፣ ሰማህ? እጄ ደህና ነው።»

«ሰማሁ» አሉ ጋሽ ሻንካ ከጉድጓዳቸው። «ፈትሉ ግን አሁንም የለም።»

ይቆጡኛል ብዬ የጠበቅኩት ቁጣ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ዘነቡ ብትሞትስ ኖሮ? እኔ እኮ እጄን እየረገምኩ ልቀር ነበር። እድሜ ልኬን በእጄ ምክንያት ሞተች እያልኩ። አንተ ትነግረኝ ነበር?»

እነግራቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር መናገር ደግሞ አልፈለግኩም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። አንድ ልቃቂት ክር አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ቁጭ በልና አዳውር። የሦስት ቀን ሥራ አስፈትተኸኛል።»

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ክሩን እየጠመጠምኩ ሳዳውር ዋልኩ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ጋሽ ሻንካ ያዳወርኩትን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«በቁልፍ እጅህ ጥሩ ነው ይባላል» አሉ።

እትዬ አማረች እንዝርታቸውን አምጥተው አጠገቤ መፍተል ጀምረዋል። ፈጥነው ነው የሚፈትሉት፤ ዓይናቸው ግን ከጣታቸው አይነሳም።

«ጸበሉስ ቀረ እንግዲህ?» አሏቸው ጋሽ ሻንካ።

«ለምን ይቀራል? ተስያለሁ። እጄ ድኖልኝ የለም እንዴ?»

«ያልታመመ እንዴት ይድናል?»

«ሦስት ቀን ታሞ ነበር። የታመመብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ማክሰኞ ማልደው እንጦጦ ወጡ። ሲመለሱ ለእናቴም ጸበል በጠርሙስ ይዘውላት መጡ፤ እናቴም አመስግና ተቀበለች።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ብዙ አልተናገረችኝም። «ለጸሎት ቡድኑ አንተው ትነግራቸዋለህ» ብቻ አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ለስምንት ሴቶች የጸለዩለት እጅ ጤነኛ እንደነበር፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከእነሱ አንዷ ጸሎቱ ግን ተሰምቷል አለችኝ፤ አንተን ነው ያናገረህ ብላ። ሌሎቹ አሜን አሉ። እኔ የምገባበት አጣሁ።

ዛሬ ከሱቅ ሥራዬ በተጨማሪ ሰዎች ቤት እየተጠራሁ ቁልፍ እቀይራለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ጥሩ የሆነን ነገር ሳይጥሉ ማዳን ስለሆነ። አሁን ግን የሲሊንደሩን ብሎን ከመፍታቴ በፊት ከቤት ውጪ ቁልፉ ያለው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለዚያ ሰው ስልክ ተደውሎ ሳይነገረው ካቻቪቴ አላነሳም። አንዳንዱ ደንበኛ ይሰለቸዋል። «አንተ ምን አገባህ፣ ሥራህን ሥራ» ያለኝም አለ። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄጄያለሁ።

ያን ቀን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚታየኝ የእናቴ ላብ አይደለም። እሷ በሕይወት አለች፤ ይህን ስጽፍ በወዲያኛው ክፍል ከእትዬ አማረች ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማኛል። የሚታየኝ እትዬ አማረች የማይዞር ቁልፍ እየጠረጉ፣ ዘይት እየቀቡ፣ በእኔ ፈጽሞ ሳይጠራጠሩ ጥፋቱን በገዛ እጃቸው ላይ ሲፈልጉ ነው። በእኔ ቢጠራጠሩ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።